አንድ ሞድ፣ ብዙ በር፦ የጌም ሞድ ከየት ማውረድ ያዋጣል?

የአንድ ሞድ (ጌምን ለመለወጥ ወይም ለማስፋት የሚጨመር ፋይል) ስም ሲፈለግ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ቦታ ይወጣል። አዲሱ እትም ኔክሰስ ሞድስ በተባለው የሞድ ድረ-ገጽ ላይ፣ ኮዱ የፕሮግራም ኮድ በሚቀመጥበት ጊትሃብ ላይ፣ የድሮው እትም በአድናቂዎች የፋይል ማከማቻ ውስጥ፣ ሌላ ሰው የቀዳው ቅጂ ደግሞ ጉግል ድራይቭ ላይ ይገኛል። አንዱ አካውንት ይጠይቃል። ሌላው የማረጋገጫ ኢሜይል ልኬያለሁ ይላል፣ ኢሜይሉ ግን አይመጣም። ሦስተኛው ምንም አይጠይቅም፤ ነገር ግን ገጹ ላይ ካሉት አራት «ዳውንሎድ» የሚሉ ቁልፎች ሦስቱ ማስታወቂያ ናቸው።

አብዛኛው ሰው ምዝገባ የሌለበትን ይመርጣል። ለአንዲት ትንሽ ፋይል ትክክል ነው። ለሌላው ግን ስሌቱ የተሳሳተ ነው፤ ምክንያቱም ምዝገባ አንዴ የሚያልፍ ጣጣ ሲሆን፣ መሀል ላይ የሚቋረጥ ወይም ከወር በኋላ የሚጠፋ ፋይል ግን ደጋግሞ ያስከፍላል። ኮምፒውተር ፎርማት ተደርጎ ያው ሞድ ለሁለተኛ ጊዜ ሲፈለግ ነው የቦታው ጥራት የሚታወቀው። ንጽጽሩም የተሠራው ከዚህ አንጻር ነው።

መመዘኛዎቹ

*አካውንት።* ፋይሉን ለማየት ነው የሚጠየቀው ወይስ ለማውረድ? የሚያጸድቀው ማሽን ነው ወይስ ሰው? ማሽን ከሆነ የደቂቃዎች፣ ሰው ከሆነ የቀናት ጉዳይ ነው።

*ከተቋረጠበት መቀጠል።* ብዙዎች የማያዩት፣ እኛ ግን ቀዳሚ የምናደርገው ይህን ነው። ማሰሻው (ብራውዘሩ) ሰርቨሩን «ከዚህ ነጥብ ጀምረህ ስጠኝ» ብሎ ሲጠይቅ ሰርቨሩ ካልገባው፣ 3 ጊጋባይት ፋይል 2.8 ላይ ሲቋረጥ ከዜሮ ይጀምራል። ፋይሉ በቀጥታ የሚቀርብባቸው ቦታዎች አብዛኛውን ጊዜ ይቀጥላሉ። መግባትዎን እያጣራ ፋይሉን በራሱ የሚያንቆረቁር ስክሪፕት ያለባቸው ግን ወይ አይቀጥሉም፣ ወይ የሰጡት ጊዜያዊ ሊንክ እስከዚያው ያልፍበታል። ማወቂያው ቀላል ነው፦ ማውረዱን ጀምረው ከ30 ሰከንድ በኋላ ኢንተርኔቱን ያቋርጡ፣ መልሰው አገናኝተው ያስቀጥሉ። ቁጥሩ ወደ ዜሮ ከተመለሰ፣ ያን ትልቅ ፋይል ከዚያ ቦታ አይጀምሩ።

*የድሮ እትም።* ጌሙ ካልታደሰ፣ ወይም የተጀመረ ጨዋታ በድሮው እትም ላይ ከተቀመጠ፣ አዲሱ ብቻ መኖሩ ዋጋ የለውም።

*ማመሳከሪያ።* የፋይሉ ልክ በባይት፣ ወይም ፋይሉ እንዳልተለወጠ የሚታወቅበት፣ እንደ ኤምዲ5 እና ሻ-256 ያለ አሻራ ገጹ ላይ ተጽፏል?

*ዕድሜ።* ፋይሉን ማን ሊያጠፋው ይችላል? ደራሲው? የሰርቨሩ ባለቤት? ወይስ የሊንኩ ሰዓት?

የአድናቂዎች አሮጌ ማከማቻዎች

የበረራ፣ የባቡርና የአውቶቡስ ሲሙሌተር ሞዶች፣ እንዲሁም የ1990ዎቹና የ2000ዎቹ ጌሞች ካርታዎች የሚገኙት በብዛት እዚህ ነው። ከእነዚህ ቤቶች አንዱ የሆነው አቭሲም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ አለ። ሌላ ቦታ የሌለ ነገር ስላላቸው መዝለል አይቻልም፤ ምሬት የሚበዛውም እዚሁ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርገን እናየዋለን።

መጀመሪያ የመመዝገቢያው ጥያቄ። አውቶማቲክ ስፓምን ለመከላከል ብዙዎቹ የዘርፉ ሰው የሚያውቀውን ነገር ይጠይቃሉ፤ ለምሳሌ የአውሮፕላን ክፍል ስም። መልሱ ብዙውን ጊዜ አንድ ቃል ነው፣ በላቲን ፊደል፣ ያለ ነጥብና ያለ ክፍት ቦታ። ከኮፒ ጋር የመጣች አንዲት ክፍት ቦታ ትክክለኛውን መልስ ስህተት ታደርገዋለች። የተጠቃሚ ስምም በግዕዝ ፊደል የማይቀበሉ አሉ፤ አንዳንዶቹ ስህተቱን ሳይናገሩ ገጹን ባዶ አድርገው ይመልሳሉ።

ቀጥሎ የማይመጣው ኢሜይል። ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከላኪው በኩል ነው። ትንሽ ድረ-ገጽ ኢሜይል የሚልከው ከሌሎች ጋር ከሚጋራው ሰርቨር ነው፤ ጎረቤቱ ስፓም ከላከ አድራሻው አብሮ ይበከላል። በዚያ ላይ ጂሜይል ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጡ ቅንብሮችን አጥብቆ ይጠይቃል። ከአሥር ዓመት በፊት ተዋቅሮ የተተወ ድረ-ገጽ ይህን አያሟላም። የሚደረገው፦ መጀመሪያ የስፓም ፎልደሩን ማየት፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት መጠበቅ (አንዳንድ ተቀባይ ሰርቨር የማያውቀውን ላኪ ሆን ብሎ ያዘገየዋል)፣ ካልመጣ ከሌላ ኢሜይል አቅራቢ በተከፈተ አድራሻ እንደገና መሞከር። «ድጋሚ ላክ» የሚለውን አሥር ጊዜ መጫን ግን ነገሩን ያባብሳል። በብዙዎቹ ላይ አዲሱ ሊንክ የቀደመውን ይሽራል፤ ዘግይተው ከሚደርሱት ውስጥ የሚሠራው የመጨረሻው ብቻ ይሆናል። ለአሥር ደቂቃ ተብለው የሚከፈቱ ጊዜያዊ የኢሜይል አድራሻዎች ደግሞ አብዛኞቹ በስም ታውቀው ታግደዋል።

«የእርስዎ አድራሻ ታግዷል» የሚል መልእክት ከመጣ፣ ጥፋቱ የእርስዎ ላይሆን ይችላል። እነዚህ ድረ-ገጾች የስፓመኞችን የአይፒ አድራሻ ከጋራ መዝገብ ያመሳክራሉ። በሞባይል ኢንተርኔት ላይ ብዙ ደንበኞች አንድ የውጭ አድራሻ ይጋራሉ፤ ቪፒኤን ላይም እንዲሁ። ለምዝገባው ብቻ ቪፒኤኑን ያጥፉ፣ ወይም ከሌላ መስመር ይሞክሩ። አካውንቱ አንዴ ከተከፈተ በኋላ በአብዛኛው ከየትም መግባት ይቻላል።

የሰው ማጽደቂያ ያለበት ቦታ ላይ «ለምን መቀላቀል ፈለጉ» የሚል ሳጥን ካለ፣ የትኛውን ፋይል ለየትኛው ጌም እንደሚፈልጉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። አጽዳቂው በትርፍ ሰዓቱ የሚሠራ ሰው ነው፤ በቀን ከሚያያቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስፓም ናቸው። በተለይ የግል ድረ-ገጽ ሊንክ የተሞላበትን ማመልከቻ ሳያነብ ይሰርዛል።

አካውንቱ ጸድቆም «ፈቃድ የለዎትም» የሚል ሲመጣ ሦስት ነገር ይፈትሹ። አንደኛ፣ የውይይት መድረኩና የፋይል ማከማቻው የተለያየ አካውንት የሚጠይቁበት ቦታ አለ፤ በአንዱ መግባት በሌላው መግባት አይደለም። ሁለተኛ፣ ለማውረድ የተወሰነ ቁጥር መልእክት መጻፍ ግዴታ ሊሆን ይችላል፤ የአጠቃቀም ደንቡ ውስጥ ይገኛል። ሦስተኛው ሰው የማይጠረጥረው ነው፦ የገቡት በአድራሻው መጀመሪያ ላይ ሦስቱ ደብሊው ባሉበት ሆኖ የማውረጃው ሊንክ የሌሉበት ከሆነ (ወይም በተገላቢጦሽ)፣ ማሰሻው ሁለት የተለያዩ ቤቶች ናቸው ብሎ ኩኪውን (መግባትዎን የሚያስታውሰውን ትንሽ መረጃ) አይሰጥም። አድራሻውን በእጅ አስተካክሎ እንደገና መግባት ይፈታዋል።

የይለፍ ቃሉ ሌላ ቦታ የማይጠቀሙበት ይሁን። ብዙዎቹ የሚሠሩት ባረጀ የፎረም ሶፍትዌር ነው፤ ቢሰበሩ የሚወጣው ከኢሜይልዎ ጋር ነው።

አሁን ወደ ፋይሉ። ሞዱ 340 ሜጋባይት ነው ተብሎ፣ የወረደው ዚፕ ግን በሁለት ሰከንድ አልቆ 14 ኪሎባይት ሆነ እንበል። ሲከፈት «ተበላሽቷል» ይላል። አልተበላሸም፤ ከመጀመሪያውም ዚፕ አይደለም። በኖትፓድ ቢከፈት ውስጡ ያለው የ«እባክዎ ይግቡ» ገጽ ነው። ሰርቨሩ መግባትዎ ስላለፈበት ወይም ጥያቄው ከራሱ ገጽ ስላልመጣ በፋይሉ ፈንታ ገጹን ሰጠ፣ ማሰሻውም ስሙን ዚፕ ብሎ አስቀመጠው። እውነተኛ ዚፕ በኖትፓድ ሲታይ በላቲኖቹ ፒ እና ኬ ፊደላት ይጀምራል። መፍትሔው ወጥቶ እንደገና መግባትና ከፋይሉ ገጽ ላይ ራሱን ቁልፉን መጫን ነው። ሊንኩን ኮፒ አድርጎ ለማውረጃ ፕሮግራም መስጠት እዚህ አይሠራም፤ ፕሮግራሙ የማሰሻው ኩኪ የለውም።

ዕድሜን በተመለከተ አቭሲም እ.ኤ.አ. በሜይ 2009 የደረሰበት በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለት ሰርቨሮቹ አንዱ የሌላው መጠባበቂያ ነበሩ፤ ሰርጎ ገብ ሁለቱንም አጠፋቸው። ማከማቻው በኋላ ተመልሶ ቆሟል። ሁሉም እንዲህ ዕድለኛ አይደለም፤ የብዙ ትናንሽ ቤቶች መጨረሻ አንድ ሰው የዓመቱን የሰርቨር ክፍያ ሳይከፍል የቀረበት ቀን ነው።

ኔክሰስ ሞድስ

ለማውረድ አካውንት ይፈልጋል፣ ምዝገባው ግን በደቂቃዎች ያልቃል። የማይከፍል ተጠቃሚ ፍጥነቱ ይገደባል፣ ከማውረዱ በፊትም ጥቂት ሰከንድ ይቆጠርበታል። የአዋቂ ተብለው የተመደቡ ሞዶች ካልገቡና ቅንብሩን ካልቀየሩ አይታዩም፤ «ሊንኩ ሞቷል» ከሚሉት አቤቱታዎች አንዳንዶቹ ይኸው ናቸው።

የማውረጃ ቁልፉ ሁለት ነው። አንዱ ለሞድ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም (ቮርቴክስ፣ ሞድ ኦርጋናይዘር) የሚላክ፣ ሌላው በእጅ የሚወርድ። የመጀመሪያው ተጭኖ ምንም ካልሆነ ድረ-ገጹ አልተበላሸም፤ ዊንዶውስ ያን ዓይነት ሊንክ ለየትኛው ፕሮግራም እንደሚሰጥ አላወቀም። በፕሮግራሙ ቅንብር ውስጥ «የኔክሰስ ሊንኮችን ተቀበል» የሚለውን ማብራት ነው። ሁለት ማስተዳደሪያ ከተጫነ ሊንኩን በመጨረሻ የተመዘገበው ይወስደዋል፣ ሌላው ባዶ እጁን ይቀራል።

ዋና ጥንካሬው የድሮ እትሞች መቀመጣቸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ደራሲዎች ፋይላቸውን ከገጹ መደበቅ እንጂ ጨርሶ ማጥፋት አይችሉም። በጊዜው ብዙ ደራሲያንን ያስቆጣ ውሳኔ ነበር። ለአውራጁ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጠቀመው።

የመክፈሉ ነገር በሒሳብ ይታይ። 60 ጊጋባይት የሞድ ስብስብ በሰከንድ 1 ሜጋባይት ወደ 17 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የአንድ ወር ብቻ ከፍሎ አውርዶ መሰረዝ ትርጉም የሚኖረው እንዲህ ላለ ነገር ነው። መስመርዎ ራሱ 8 ሜጋቢት ከሆነ ግን 8 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ 1 ሜጋባይት ነውና፣ የፍጥነት ገደብ ማስነሻ ብሎ መክፈል ገንዘብ መጣል ነው።

ስቲም ወርክሾፕ

የጌም መደብሩ ስቲም የሞድ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የጀመረ ሲሆን ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው፦ «ሰብስክራይብ» ተጫኑ፣ አለቀ። የተቋረጠውን ራሱ ይቀጥላል። ጌሙን ከሌላ መደብር የገዛ ሰው ግን በአብዛኛው በሩ ዝግ ነው።

ችግሩ ቁጥጥሩ የእርስዎ አለመሆኑ ነው። ሞዱ በራሱ ጊዜ ይታደሳል፤ ትናንት የሚሠራው የተቀመጠ ጨዋታ ዛሬ አይከፈትም፣ ወደ ድሮው እትም መመለሻም በአብዛኛው አልተዘጋጀም። ደራሲው ካነሣው ደግሞ አዲስ ቅጂ ከየት ይገኛል? ስለዚህ ረጅም ጨዋታ ከመጀመር በፊት ሞዶቹን ማስቀረት ያስፈልጋል። በስቲም ፎልደር ውስጥ «ስቲምአፕስ»፣ ከዚያ «ወርክሾፕ»፣ ከዚያ «ኮንቴንት» የሚለውን ሲከፍቱ በቁጥር የተሰየሙ ፎልደሮች አሉ። የመጀመሪያው ቁጥር የጌሙ፣ ውስጡ ያሉት የየሞዱ መለያ ናቸው። የሞዱ ቁጥር በገጹ አድራሻ መጨረሻ ላይ ከሚታየው ጋር አንድ ነው። ያን ፎልደር ወደ ጌሙ የራሱ የሞድ ፎልደር ቀድተው ከወርክሾፑ ሰብስክራይብ ማድረጉን ይሰርዙ። ጌሙ በእጅ የተጫነ ሞድ የሚቀበል ከሆነ ከዚያ በኋላ የሚነካው የለም።

ያለ አካውንት፦ ሞድ ዲቢ፣ ሞድሪንዝ፣ ከርስፎርጅ

ሞድ ዲቢ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ፋይል ገጽ ላይ ልኩን እስከ ባይት ድረስና የኤምዲ5 አሻራውን ይጽፋል። የወረደውን ፋይል በቀኝ ተጭኖ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ ያለውን የባይት ቁጥር ከገጹ ጋር ማስተያየት አሥር ሰከንድ አይፈጅም፤ ተቆርጦ የወረደን ፋይል ለመያዝ ከዚህ የሚቀል መንገድ የለም። ለትልልቅና ለቆዩ ሞዶች የመጀመሪያ ምርጫችን ነው።

ሞድሪንዝና ከርስፎርጅ በተለይ ለማይንክራፍት ናቸው። ከርስፎርጅ ላይ ደራሲዎች ሞዳቸው በሌላ አስጀማሪ ፕሮግራም (ላውንቸር) በኩል እንዳይወርድ መከልከል ይችላሉ። የሞድ ጥቅል በሌላ አስጀማሪ ሲጫን «እነዚህን ፋይሎች በእጅ ያውርዱ» የሚል ዝርዝር የሚወጣው ለዚህ ነው እንጂ ፕሮግራሙ ተበላሽቶ አይደለም።

ታዋቂ ቦታ መሆኑ ብቻ ዋስትና አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ፍራክቸራይዘር የተባለ ጎጂ ፕሮግራም ከርስፎርጅ ላይ የተሰራጨው በተጠለፉ የደራሲ አካውንቶች በኩል ነበር፤ የታወቁ ሞዶች አዲስ እትም መስሎ። የግድ ካልሆነ ዛሬ የወጣን እትም ዛሬውኑ አይጫኑ፤ ጥቂት ቀን ይቆይ።

ከነዚህ ሸሽቶ በፍለጋ ውጤት አናት ላይ የሚወጡትን ገልባጭ ድረ-ገጾች መክፈት ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው። የሞዱን ስምና ሥዕል ይቀዳሉ፣ ገና ላልወጣ እትም የውሸት ቁጥር ይጽፋሉ። የወረደው በኢኤክስኢ የሚያልቅ ከሆነ፣ የማይንክራፍት ሞድ በጃር የሚያልቅ ፋይል ነውና፣ አይክፈቱት።

ጊትሃብ

አካውንት የለም፣ ማስታወቂያ የለም፣ የድሮ እትም ሁሉ አለ፣ መቀጠልም ይችላል። ስህተቱ አንድ ነው፣ እሱንም ሁሉም ይሠራዋል፦ አረንጓዴውን «ኮድ» ቁልፍ ተጭኖ ዚፕ ማውረድ። ያ ጥሬ ኮዱ ነው እንጂ የሚጫነው ሞድ አይደለም። በስተቀኝ «ሪሊዝስ» የሚለውን ከፍተው «አሴትስ» ሥር ያለውን ይምረጡ፤ እዚያም «ሶርስ ኮድ» የተባሉትን ሁለቱን ይዝለሉ። ሞዱ ጌሙ ውስጥ ገብቶ ሥዕሎቹ ባዶ ሆነው ከታዩ የሥዕል ፋይሎቹን ልክ ይመልከቱ። እያንዳንዳቸው ከ130 ባይት ገደማ የማይበልጡ ከሆኑ፣ የወረደው ፋይሉ ሳይሆን ትልቁ ፋይል የት እንዳለ የሚጠቁም ጽሑፍ ነው።

ዲስኮርድና የፋይል መጋሪያዎች

ዕድሜ ላይ ከሁሉም ያንሳሉ። ከውይይት መተግበሪያው ዲስኮርድ ተቀድቶ ሌላ ቦታ የተለጠፈ የፋይል ሊንክ በ24 ሰዓት ያልፍበታል፤ ወደ ዋናው መልእክት ገብቶ እንደገና መጫን ይጠይቃል። ጉግል ድራይቭ አንድ ፋይል ብዙ ሰው ካወረደው ለጊዜው ይዘጋዋል። ባለቤቱ ካልከለከለ ፋይሉን ወደ ራስ ድራይቭ ቀድቶ ከዚያ ማውረድ ይቻላል። ከድራይቭ ሙሉ ፎልደር ሲወርድ በበርካታ ዚፕ ይከፋፈላል፤ ሁሉንም አንድ ፎልደር ውስጥ ካልፈቱ ሞዱ ጎዶሎ ይሆናል። ሜጋ የተባለው የፋይል መጋሪያ ለማይከፍል ሰው ኮታ አለው። ትልቅ ፋይል ከሆነ በማሰሻ ሳይሆን በራሱ ፕሮግራም ያውርዱ፣ ያኔ ከተቋረጠበት ይቀጥላል።

በአጭሩ ሲታይ

| ቦታ | አካውንት | መቀጠል | የድሮ እትም | ማመሳከሪያ | ዕድሜ |
|---|---|---|---|---|---|
| የአድናቂዎች ማከማቻ | አዎ፣ አንዳንዴ ቀናት | ብዙ ጊዜ የለም | አለ፣ ያልተደራጀ | አልፎ አልፎ | በአንድ ሰው ኪስ ላይ |
| ኔክሰስ ሞድስ | አዎ፣ ደቂቃዎች | በማስተዳደሪያ ፕሮግራም ይሻላል | አለ | ልክ | ጥሩ |
| ስቲም ወርክሾፕ | ስቲምና ጌሙ | ራሱ ይቀጥላል | በአብዛኛው የለም | ራሱ ይፈትሻል | በደራሲው እጅ |
| ሞድ ዲቢ | የለም | በአብዛኛው | አለ | ባይትና ኤምዲ5 | ጥሩ |
| ጊትሃብ | የለም | አዎ | አለ | ልክ፣ በአዲሶቹ ሻ-256 | በደራሲው እጅ |
| ድራይቭ፣ ዲስኮርድ | ይለያያል | ይለያያል | የለም | የለም | ደካማ |

ለማን የቱ?

መስመሩ የሚቆራረጥ ሰው ምዝገባን አይፍራ፤ መቀጠልን ይፈልግ። ጊትሃብ ወይም ሞድ ዲቢ ላይ ካለ ከዚያ፣ ከሌለ ጌሙ ስቲም ላይ ከተገዛ ከወርክሾፕ። በክፍል የተከፋፈለ ራር (እንደ ዚፕ ያለ የታመቀ ፋይል) ካለም እሱ ይመረጥ፤ አንዱ ክፍል ቢበላሽ የሚደገመው ያው ብቻ ነው። ሲፈታ ሁሉም ክፍሎች አንድ ፎልደር ውስጥ ሆነው የሚከፈተው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ኢሜይሉን መስጠት የማይፈልግ ሰው ለሞድ ብቻ ሁለተኛ ቋሚ አድራሻ ይክፈት። ጊዜያዊ አድራሻ ምዝገባውን ቢያልፍ እንኳ የይለፍ ቃል የጠፋ ቀን መመለሻ የለውም።

በመቶ የሚቆጠሩ ሞዶችን አቀናብሮ የሚጫወት ኔክሰስ ላይ ይቆይ። አሮጌ ጌም የሚያነሣ ሰው ከሞድ ዲቢ ይጀምር። የአድናቂዎች ማከማቻ ውስጥ ብቻ ያለ ፋይል ከሆነ ዛሬ ይመዝገብ እንጂ የሚያስፈልገው ቀን አይጠብቅ፤ ማጽደቁ ቀናት ይወስዳልና።

ከየትም ይውረድ፣ ከመፍታትዎ በፊት ሁለት ነገር ያድርጉ። ሰቨን ዚፕ በተባለው ፕሮግራም ከፍተው «ቴስት» የሚለውን ይጫኑ፤ የተቆረጠ ፋይል እዚያው ይጋለጣል። ቀጥሎ ዚፑን በቀኝ ተጭነው «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «አንብሎክ» የሚል ካለ ምልክት ያድርጉበት። ይህ ከተዘለለ ዊንዶውስ ራሱ ሲፈታው «ከኢንተርኔት የመጣ» የሚለው ምልክት በውስጥ ባሉት ፋይሎች ላይ ይተላለፋል፣ ሞዱም ያለ ምንም የስህተት መልእክት ሳይነሣ ሊቀር ይችላል። ዚፑን ከጫኑ በኋላ አይጣሉት፤ ስሙ ላይ የእትሙን ቁጥርና ያወረዱበትን ቀን ጨምረው ጌሙ ከተጫነበት ውጭ ባለ ዲስክ ላይ ያስቀምጡት። ዲስኩ በፋት32 የተዘጋጀ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም።